አምባሰል ላይ የዶ ኮርድ የለም

ኪቦርድ ወይም ጊታር የሚማር ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ በኮርድ ይጀምራል። ዶ ሜጀር፣ ፋ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር እያለ የጣቶቹን አቀማመጥ በቃሉ ይይዝና በእነሱ ላይ የራሱን ዜማ ለመፍጠር ይሞክራል። ይህ ቅደም ተከተል ለፈረንጅ ዘፈን ይበጃል፤ ለወሎ ዜማ ግን ተማሪውን ያሳስተዋል። በቅኝት (ዜማው በሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ) ውስጥ እየፈጠረ መጫወት የሚሻ ሰው መጀመሪያ ዜማው የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን መነሻ ድምፅ፣ ቀጥሎ በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ አለበት፤ ኮርድ የሚወለደው ከእነዚህ ነው። ማስረጃው ቅኝቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እነሱም በሰሜን ወሎ ላለው ለግራና፣ ለመርሳና ለወልድያ ሰው ቅርብ ናቸው። ከሀብሩ ወረዳ በስተደቡብ ያለው አምባሰልና ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቲ ስማቸው የቅኝት ስም ሆኗል።

ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ዶ እስከሚቀጥለው ዶ 12 ግማሽ ድምፅ አለ፤ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት፣ ጥቁሩም ነጩም ተቆጥሮ፣ ግማሽ ድምፅ ይባላል። መሠረታዊ ኮርድ ሦስት ድምፆች አንድ ላይ ሲሰሙ ነው፤ መሥራቹ ድምፅ፣ ከእሱ 4 ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው (ሜጀር ከሆነ) ወይም 3 ከፍ ያለው (ማይነር ከሆነ)፣ በመጨረሻም 7 ከፍ ያለው። ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት ከዶ ብንጀምረው ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል እዚያው ስላሉ መነሻው ላይ የተሟላ ኮርድ አለን። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ የሆነው ባቲ ሜጀርም እንዲሁ ነው። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሚም የለ፣ ሚ ፍላትም የለ፤ ስለዚህ መነሻው ላይ ሜጀርም ማይነርም አይሠራም። አንቺ ሆዬም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲሆን ሚም ሶልም ስለሌለው የዶ ኮርድ አይወጣለትም።

ከአምባሰል አምስት ድምፆች የሚወጡት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር። አደጋውም እዚህ ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከፋ ጀምረን ብንቆጥራቸው ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ ትዝታ ማይነር ነው። አንድ ቁልፍ አልተቀየረም። የተቀየረው ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጀማሪው በየስንኙ መጨረሻ ፋ ማይነርን እየመታ ካረፈ፣ አንድም የተሳሳተ ቁልፍ ሳይነካ አምባሰልን ወደ ትዝታ ማይነር ይወስደዋል። መፍትሔው ግራ እጅ ዶና ሶልን ብቻ አጣምሮ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሬ ፍላት ሜጀር ውጥረት ይፈጥርና በግማሽ ድምፅ ወርዶ ወደ ዶ ይመለሳል፤ ፋ ማይነር መሸጋገሪያ እንጂ ማረፊያ አይሁን። አምባሰልን አምባሰል ከሚያሰኙት አንዱ ይህ ከሬ ፍላት ወደ ዶ የሚወርድ ጠባብ እርምጃ ነው።

ኮርድ የእኛ አይደለም፣ ዜማችን በአንድ መስመር የሚሄድ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ባለ አንድ አውታሩ ማሲንቆ ምስክር ነው። ክራርን ያየ ግን በዚህ ብቻ አይረታም። ተጫዋቹ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን አውታሮች አፍኖ የቀሩትን በአንድ ላይ ይመታል፤ የትኞቹ ድምፆች አብረው እንደሚሰሙ የሚመርጠው እሱ ነው። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄም ለንደንና ቦስተን ተምረው የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር ሲያዋህዱ ቅኝቱን አላጠፉትም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበማቸው ይህን ያሰማል። ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፤ በጆሮ የተቃኘ ክራር ከኪቦርድ ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም። እውነት ነው፤ ከላይ የተቆጠሩት ግማሽ ድምፆች ግምት ናቸው፣ የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው። ይህም ቢሆን የመነሻ ድምፅን ጉዳይ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ርቀቱ ትንሽ ቢዛነፍም ማረፊያው ያው ነውና።

ስሜት ያለው ሰው ንድፈ ሐሳብ አያስፈልገውም የሚሉም አሉ። አዝማሪ ግጥም ከታዳሚ እየተቀበለ በቅጽበት ሲያዜም ማረፊያውን ፈጽሞ አይስትም፤ ስሙን ባይጠራውም እውቀቱ አለው። ያንን በልጅነቱ ሲሰማ ያላደገ ተማሪ ግን በስሙ ጠርቶ ቢማረው ዓመታት ያተርፋል። የኪቦርድ መምህራን፣ እባካችሁ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ለመነሻ ድምፅ ስጡ፤ ተማሪው አምባሰልንና ትዝታ ማይነርን በእነዚያው አምስት ቁልፎች ለይቶ ሲጫወት ኮርዱን ያን ጊዜ አስተምሩት።