የጉልበት ሎሚ ለምን ደጋግማ ትወልቃለች?

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ፣ መርሳ፣ በፍራፍሬዋ ትታወቃለች። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያወሳው ግን ከጉልበት ፊት ስላለችው ሎሚ ነው።

ነገሩን ብዙ እናቶች ያውቁታል። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ውኃ ተሸክማ ዞር ስትል ወይም ገመድ ስትዘል ጉልበቷ ይከዳታል፤ ሎሚዋ ወደ ውጭ ጎን ትሸሻለች። እግሯን ስትዘረጋ ብዙውን ጊዜ ተመልሳ ትገባለች። ወጌሻ ያሻታል፤ እብጠቱ ይጎድላል፤ ይረሳል። ከወራት በኋላ ሲደገም «ቀልብ የላትም»፣ «ከሥራ ለመሸሽ ነው» የሚል ወቀሳ ይከተላል። ወቀሳው ያላግባብ ነው፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በአጥንቷ ቅርጽ ላይ ነውና።

ሎሚዋ የምትንሸራተተው በጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ ባለ ቦይ ውስጥ ነው። መስኖ ለሚያውቅ የሀብሩ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ቦዩ ጥልቀት ከሌለው ውኃው ወደ ጎን ይወጣል። በአንዳንድ ሰዎች ይህ የአጥንት ቦይ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። የፈረንሳዩ የአጥንት ሐኪም አንሪ ዴዡርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ከዚሁ ጋር ሌሎች ጉድለቶችንም አመልክተዋል። ሎሚዋ ከፍ ብላ ከተቀመጠች፣ ጉልበት ሲታጠፍ ወደ ቦዩ የምትገባው ዘግይታ ነው። ከእርሷ የሚወርደው ጅማት በቅልጥም ላይ የሚያያዝበት ቦታ ከቦዩ መካከል ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ከራቀ ደግሞ፣ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ወደ ጎን ይስባታል። ጉልበቶቿ የሚጋጩ ወይም አውራ ጣቷን አጥፋ ክንዷን የምታስነካ፣ መገጣጠሚያዋ የላላ ልጅም ለዚህ ትጋለጣለች።

በዚህ ላይ ሎሚዋን ከውስጥ በኩል የሚይዛት ጅማት በመጀመሪያው ውልቃት ይቀደዳል። ማሸት አይገጥመውም፤ አጥብቆ ማሰርም ደም አግዶ እግርን ለአደጋ ይዳርጋል።

ስለዚህ ሎሚዋ ተመልሳ ብትገባም እንኳ ልጅቷን ወደ ወልድያ ሆስፒታል ወስዶ ራጅ ማስነሳት ይገባል፤ የተሰበረ ቁራጭ አጥንት መኖሩም ሆነ የሎሚዋ ከፍታ በራጅ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ድጋፍና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። ከተደጋገመ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና መተካት ይቻላል። ቁመቷ ገና በማደግ ላይ ከሆነ ግን ሐኪሙ አጥንት የሚነካውን ቀዶ ሕክምና ያዘገየዋል፤ እናት ይህን እንደ ቸልታ መቁጠር የለባትም። ለሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደወለቀ፣ ሌላው ጉልበቷም ወልቆ እንደሆነ፣ ከቤተሰብም ያው ችግር የደረሰበት ካለ ሳይደብቁ መንገር ነው።