ሰውነት ከራሱ ጋር ሲጣላ

ልዑል እግዚአብሔር የሰውን ሥጋ ያለ ጠባቂ አልተወውም። ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ዘበኛ በደም ውስጥ እየተመላለሱ ከውጭ የሚገባውን ተሕዋስ ያጠፋሉ። ይሁን እንጂ ዘበኛው አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱን ከሌባው መለየት ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ ሰውነት ራሱን ይወጋል። የእጅንና የእግርን መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው ቁርጥማትና ሉፐስ የተባለው ደዌ ከዚህ ወገን ናቸው። ከሉፐስ ሕሙማን መካከል ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት ዕጢዎች አመንጭተው በደም በኩል የሚልኩት መልእክተኛ ነው። በሴቶች ዘንድ የሚበዛው ኤስትሮጅን ፀረ እንግዳ አካላትን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያበረታል። ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጨው ኮርቲዞል ግን ወደ ዘበኞቹ ሕዋሳት ገብቶ የብግነትን ትእዛዝ ይገታል።

ይህን ኃይል ለሕክምና ያበቃው አስተዋይ ዓይን ነው። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፊሊፕ ሄንች፥ በዚህ ቁርጥማት የሚሠቃዩ ሴቶች በእርግዝናቸው ወራት ሕመሙ እንደሚቀልላቸው፥ ከወለዱም በኋላ እንደሚመለስባቸው ተመለከቱ። ስለዚህ ደዌውን የሚያበርድ ነገር በሰውነት ውስጥ ራሱ እንዳለ ገመቱ። ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ከዕጢው ለይተው ያወጡት ኮርቲዞን በመስከረም 1941 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ መንቀሳቀስ ለተሳናት አንዲት ሕመምተኛ ተሰጠ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ተራመደች። ሁለቱም ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር በ1943 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ለቤተ ሰባችን የሚሆን ትምህርት አለ። የወለደች እናት ጣቶቿ ቢያብጡ፥ ጧት ጧትም መገጣጠሚያዋ ለረጅም ሰዓት አልታዘዝ ቢላት፥ «የአራስ ቤት ብርድ ነው» ብለን ብቻ አንተዋት፤ ወደ ሐኪም እናድርሳት። የኮርቲዞን ወገን የሆነው ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል፥ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ይህን ፈርቶ በድንገት ማቋረጥ ግን የባሰ ነው፤ የሰውነት ዕጢ በክኒኑ ተማምኖ ሥራውን አቀዝቅዟልና፥ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለ ሆነም፥ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪምንና የንስሐ አባትን መጠየቅ ይገባል። ወደ ጠበል ስንሄድም መድኃኒቱን ከቤት አንተወው፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረና።