የብር ሽቦ ሥራ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል

ብር አንጥረኞች ከሚሠሯቸው መስቀሎች፣ የአንገት ሐብሎችና የጆሮ ጉትቻዎች መካከል አንዳንዶቹ የሚያጌጡት እንደ ክር በቀጠነ የብር ሽቦ ነው። ይህን ሽቦ በእጅ እየሳቡ ማቅጠን ጀማሪዎች ከሚፈተኑባቸው ተግባራት አንዱ ሲሆን፣ ችሎታው የሚገኘው በትዕግሥትና በተደጋጋሚ ልምምድ ነው።

የሥራው ዋነኛ መሣሪያ ከትልቅ ወደ ትንሽ በቅደም ተከተል የተበሱ ቀዳዳዎች ያሉት ጠንካራ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ባለሙያው በቀጭን ዘንግ መልክ የተዘጋጀውን ብር ጫፉን በሞረድ አሹሎና ሰም ቀብቶ በቀዳዳው ካሾለከው በኋላ በጉጠት ይዞ ይስበዋል። ከዚያም ወደሚቀጥለው ጠባብ ቀዳዳ ያልፋል። የሽቦው ውፍረት በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ርዝመቱ አራት እጥፍ ያድጋል። በዚህም መሠረት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀጥን 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብር በተሳበ ቁጥር እየጠነከረ ይሄድና ተለጣጭነቱን ያጣል። በዚህ ጊዜ በጉልበት መሳብ የሚያስከትለው ውጤት መበጠስ ብቻ ነው። መፍትሔው ሥራውን አቁሞ ሽቦውን በእሳት ማለስለስ ሲሆን፣ ይህም ሽቦው ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ድረስ ይከናወናል። ቅላቱ በጠራራ ፀሐይ ስለማይለይ ሥራው ጥላ ያለበት ስፍራ ይፈልጋል።

እሳቱ ሲበዛ ደግሞ ሽቦው ይቀልጣል። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ መዳብ የተቀላቀለበት ግን ከዚህ ባነሰ ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። ለረጅም ዘመን የአንጥረኞች ጥሬ ዕቃ ሆኖ ያገለገለው ማርያ ትሬዛ ወይም ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ብር የሆነው 83 በመቶ ያህሉ ነው።

በመሆኑም ጀማሪው መቼ መሳብ፣ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚለየው በእጁ ስሜትና በዓይኑ ነው። ይህን ችሎታ እስኪያዳብር ድረስ ብዙ ሽቦ ይበጥሳል፤ ብዙም ያቀልጣል። ሆኖም የተበላሸው ብር አይጣልም። እንደገና ቀልጦ ዘንግ ይሆንና ሥራው ከመጀመሪያው ይቀጥላል።

ይህን ያህል ድካም የሚጠይቀው ሙያ በኅብረተሰቡ ዘንድ ተገቢውን ክብር ሳያገኝ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያዎችን በሥራቸው መስደብን መከልከላቸው የችግሩን ስፋት ያሳያል። ሙያው በአመዛኙ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቆየ በመሆኑ፣ ልጆች ፊታቸውን ሲያዞሩ አብሮ የሚጠፋው መሣሪያው ሳይሆን በእጅ ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው።

የመሣሪያውን አጠቃቀም በአጭር ሥልጠና ማስጨበጥ ይቻላል። የእጅ ብስለት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለሆነም በዘርፉ ሥልጠና የሚያዘጋጁ አካላት ለሠልጣኙ በቂ የልምምድ ጊዜና ደጋግሞ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ እንዲኖረው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።