ትንሽ መኪና በቦንጋ መንገድ፦ ማየት ብቻ ሳይሆን መታየት

ከጅማ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ዝናብና ጉም ይበዛበታል። ቪትዝ ወይም ዲዛየር የምትነዱ፣ የአይሱዙና የሲኖትራክ ሾፌሮች በቀላሉ አያዩንም ብላችሁ ንዱ።

1. ዝናብ ወይም ጉም ካለ በቀንም አጭር መብራት አብሩ። ግራጫ መኪና ከእርጥብ አስፋልት አይለይም፤ የፓርኪንግ መብራት ብቻውን አይበቃም።

2. በጉም ረጅም መብራት አትጠቀሙ። ብርሃኑ ከጠብታዎቹ ነጥሮ ወደ ራሳችሁ ዓይን ይመለሳል።

3. ከጭነት መኪና ጀርባ አትለጠፉ። የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላያችሁ እሱም አያያችሁም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፤ መንገዱ ሲረጥብ ቢያንስ የ4 ሰከንድ ርቀት ጠብቁ።

4. ኩርባ ላይ አትቅደሙ። ከብትና እግረኛም ከኩርባው ማዶ ሊኖር ይችላል።

5. ወደ ጎጀብ ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል።

6. መኪናው ከተበላሸ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ ባለሦስት ማዕዘን አንፀባራቂውን፣ ኩርባ ካለ ከኩርባው በፊት አስቀምጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት መብራቶቹን ከጭቃ ጥረጉ፤ የኋላውን የፍሬን መብራት ደግሞ ሰው ቆሞ ይይላችሁ።