የጥበብ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ተለጣጭ ፕላስተር ምን ይረዳል?

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፣ «የጥበብ ጥርስ» የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል። ይህ ደግሞ የብዙዎቹ ዕጩ መምህራን ዕድሜ ነው። ጥርሱ በመንጋጋ ላይ በቂ ቦታ ካጣ ይጋደማል፣ ወይም ግማሹ በድድ ተሸፍኖ ይቀርና ያማል። ሐኪምም እንዲነቀል ሊያዝ ይችላል። ሲነቀል ቦታው ስለሚደነዝዝ ሕመሙ ያን ያህል አይሰማም። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው፤ ጉንጭ ያብጣል፣ አፍም እንደልብ አልከፈት ይላል። መናገር ሥራው ለሆነ ሰው፣ ያውም በማስተማር ልምምድ ሰሞን፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ እብጠቱን ለመቀነስ አንዳንድ ሐኪሞች ስለሚጠቀሙበት ተለጣጭ ፕላስተር ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ፕላስተሩ ምንድነው?

ይህን ፕላስተር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ኬንዞ ካሴ የተባሉ ጃፓናዊ ባለሙያ ናቸው። ከጥጥ የተሠራ ሆኖ ባንድ ጎኑ ሙጫ አለው። ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በቤጂንግ ኦሎምፒክ በስፖርተኞች ትከሻ ላይ ከታየ ወዲህ ብዙ ሰው አውቆታል። በውስጡ ግን ምንም መድኃኒት የለበትም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጉንጭ ለምን ያብጣል?

ድድ ተቀዶ አጥንት ሲነካ ሰውነት ወደ ቁስሉ ደምና ፈሳሽ ይልካል። ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋው መካከል ይጠራቀማል። ይህ የመዳን ሥራ መጀመሪያ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከፍ ይልና በሳምንት ገደማ ይጎድላል።

የተጠራቀመውን ፈሳሽ መልሰው የሚወስዱት ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው። በመንገዳቸው ላይ የሊምፍ ዕጢዎች አሉ፤ ሲያብጡ ሰው «ንፍፊት» የሚላቸው ማለት ነው። እነዚህ ቧንቧዎች እንደ ልብ ያለ ፓምፕ የላቸውም። የጡንቻ እንቅስቃሴ በብዙ ያግዛቸዋል። ታዲያ ጥርስ የተነቀለበት ሰው አመመኝ ብሎ መንጋጋውን ካላንቀሳቀሰ ፍሰቱ ይዘገያል።

ፕላስተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ፕላስተሩን እንደ እጅ ጣቶች ይሰነጥቀዋል። ያልተሰነጠቀውን ጫፍ ሳይለጥጥ ከአንገት ግርጌ ካለው አግድም አጥንት አጠገብ ይለጥፋል። ጣቶቹን ደግሞ በጥቂቱ ብቻ ስቦ በአንገት በኩል እስከ ጉንጭ ያደርሳል። የሐሳቡ መነሻ፣ ፕላስተሩ ሲሰበሰብ ቆዳውን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ከሥሩ መተላለፊያ ይገኛል የሚል ነው። ውሃ ላቆረ ማሳ ገበሬ ቦይ እንደሚያወጣለት ማለት ነው።

እውነት ይሠራል?

በ2014 (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ሐኪሞች በ40 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ታትሟል። ፕላስተር የተለጠፈላቸው ሰዎች ካልተለጠፈላቸው ያነሰ አብጠዋል፣ አፋቸውንም የተሻለ ከፍተዋል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጥናቶች ተደርገዋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የያዙ ናቸው፤ ስለ ሕመም መቀነስ ያገኙትም ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ሌላም ችግር አለ። ፕላስተር የተለጠፈለት ሰው መለጠፉን ያውቃል፤ «ተሻለኝ» ሲል ፕላስተሩ ይሁን ተስፋው ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ረዳት ነው ብለን እንቀበለው እንጂ ፈዋሽ ነው አንበል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ፕላስተሩን የሚለጥፈው የሠለጠነ ሰው ይሁን። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ፣ ጢም ያለውም የተላጨ ይሁን። ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ አይለጠፍም። ካሳከከ ወይም ቆዳውን ካቀላ ቀስ ተብሎ ይነሳል።

2ኛ/ ዋናው ጥንቃቄ አይዘንጋ። ሐኪሙ የሰጠውን ጎዝ ነክሶ መቆየት፣ በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ እያሳረፉ መያዝ፣ ትኩስ ቡናና ሻይ መተው ያስፈልጋል። መትፋት፣ በቀሰም መምጠጥና ሲጋራ ማጨስም ክልክል ነው፤ በጉድጓዱ የረጋው ደም እንዳይወልቅ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውሃ አፍን በዝግታ መጉመጥመጥ ይቻላል።

3ኛ/ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ቢብስና አፍ ቢሸት፣ የረጋው ደም ወልቆ አጥንቱ ተጋልጦ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

4ኛ/ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ደሙ አልቆም ካለ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ፣ ነገ ይሻለኛል ተብሎ አይታደርም። ከመንጋጋ የተነሳ መመርቀዝ ወደ አንገት ወርዶ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለውን እብጠት ፕላስተር አያጎድለውም። «ፕላስተር ተለጥፎልኛል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው በሕይወቱ ላይ ይፈርዳል።

የመኝታ ክፍል ጓደኞችም ኃላፊነት አለባችሁ። ጥርሱን ተነቅሎ የተኛ ጓደኛችሁን ማታ ማታ ጉንጩን እዩለት፣ ውሃ መዋጥ መቻሉንም ጠይቁት። ካልቻለ ሳይነጋ ወደ ሐኪም ውሰዱት።