አንድ ጣሪያ፣ ሁለት «እኛ»

ወሬውን ከራት ገበታችሁ ልጀምር። በሸዋ ቤንች፣ በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ፣ ባል ቤንችኛ ሚስት አማርኛ ወይም ከፍኛ የሚናገሩበት ቤት ብዙ ነው። እሑድ በምዕመናን ስብሰባ «ዝማሬው በማን ቋንቋ ይሁን? ከሽማግሌዎቹ ስንቱ የእኛ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስብሰባው በጸሎት ይዘጋል፤ ጥያቄው ግን ተከትሎን ቤት ይገባል። ማታ ባል «የእናንተ ሰዎች» ሲል፣ ሚስትም «የእናንተ» ብላ ስትመልስ፣ ልጆቹ ቀና ብለው ያያሉ። እነርሱ የማን ናቸው?

ይህ ነገር ከእኛ አልጀመረም። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ተለያይተዋል፤ አንዳንዴም ተመልሰው ተገናኝተዋል። ስለዚህ ማንም «እንለያይ» ከማለቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፦ የምንለያየው በምን ምክንያት ነው? በቃሉ ነው ወይስ በወንበር?

ከማርቡርግ እስከ ደምቢ ዶሎ

እ.ኤ.አ. በ1529 ማርቲን ሉተርና ኡልሪክ ዝዊንግሊ በጀርመን አገር በማርቡርግ ተገናኙ። ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማሙ። በቀረችው በአንዷ፣ በጌታ እራት ትርጉም፣ መስማማት አቃታቸው። ሉተራንና ሪፎርምድ የሚባሉት ወገኖች ከዚያ በኋላ ለየብቻ ሄዱ።

ወደ አገራችን እንምጣ። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን፣ ከዝዊንግሊና ከካልቪን ወገን የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በሳዮ ደምቢ ዶሎ ሥራ ጀመረ። ከዚያ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ናት። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ደግሞ በጥር 1951 ዓ.ም. በሉተራን መሠረት ላይ ቆመች። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለቱ አንድ ሆኑ። አውሮፓን ለ450 ዓመታት ያህል የለያየው ጉዳይ እዚህ አንድነትን አልከለከለም። ዛሬ በሚዛን ተፈሪ ምዕመናን ዘንድ «ቤቴል» የሚለው ስም ሲጠራ የሚያስታውሰን ይህንን ነው። ልዩነቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ከሚለያያቸው ይልቅ የሚያገናኛቸው እንደሚበልጥ ስላዩ ነው።

ቋንቋ ሲያጣላ

ይህችው ቤተ ክርስቲያን ግን በሌላ ነገር ተፈተነች። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ ምዕመናን ዘንድ በኦሮምኛ ስለማምለክ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ከቋንቋ አልፎ ወደ አስተዳደርና ወደ ፖለቲካ ገባ፤ በመጨረሻም አንድ ወገን ተለይቶ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እስከ ማቋቋም ደረሰ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ያንኑ የእምነት መግለጫ ይቀበላሉ። ዕርቅ የወረደው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጓደኛ ተኮራረፈ? ስንት ወንድማማች በየፊናው አመለከተ? ዕርቁ እግዚአብሔርን የሚያስመሰግን ነው፤ ያለፉት ዓመታት ግን አይመለሱም።

በራሱ ቋንቋ ማምለክ የሚፈልግ ሰው ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። በበዓለ ሃምሳ ዕለት እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ሰማ እንጂ ሁሉም የአንዱን ቋንቋ እንዲማር አልተጠየቀም። ኃጢአቱ ያለው ወንድምን በቋንቋው መናቅ፣ ወይም ቋንቋን የሥልጣን መሰላል ማድረግ ላይ ነው።

ቃሉ ሲያለያይ

ሁሉም መለያየት ግን የወንበር ጉዳይ አይደለም። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ትልቁ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር በቃል ኪዳን የሚኖሩ ሰዎች በአገልጋይነት እንዲሾሙ የሚፈቅድ ውሳኔ አሳለፈ። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለመባረክ ወሰነች። መካነ ኢየሱስ ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ የጋብቻ ትምህርት ጋር እንደሚጋጭ ገለጸች፤ በጥር 2005 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤዋም ከሁለቱ ጋር የነበራትን ግንኙነት የማቋረጡን ውሳኔ አጸደቀ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። የስዊድን ወንጌላውያን መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። የመቶ ዓመት ወዳጅነትና ብዙ ድጋፍ ያለበት ግንኙነት ነበር። ስለ ቃሉ ብሎ የሚለይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው ነገር አለ፤ በወንበር ምክንያት የሚለይ ግን የሚያገኘውን አስቀድሞ ያሰላል። ይህ አንዱ መለያ ነው። እንዲህም ሆኖ የተለየነውን ሰው መናቅ፣ መሳደብና ከጸሎታችን ማውጣት አልተፈቀደልንም።

ኢየሩሳሌም ምን አደረገች?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡ። ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ቸል ተባሉ፤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት «ይህ ፖለቲካ ነው፣ ዝም በሉ» አላሉም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ተመልከቱ፦ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው! ብዙኃኑ እደላውን ቅር ለተሰኘው ወገን አደራ ሰጡ። በዚያው ምዕራፍ ወዲያው የምናነበው የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ መሄዱን ነው።

በምድራዊው መንግሥት እንኳ ይህ ጥበብ ይሠራል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ለአንድ ከተማ ብቻ አልሰጠም፤ ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ አካፈለ። የዓለም ሰው ወንበር ማካፈል ከቻለ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ያቅታታል? «እኛ» እና «እነርሱ» ማለት ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ በቅርባችን አይተናል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጉራፈርዳ በብሔራቸው ምክንያት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል። የጥላቻ ቃል ትንሽ አይደለም።

ለእናንተ ለባለትዳሮች

የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አገር ጥለው መውጣት ሲችሉ ከመንጋው ጋር ቀሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለ10 ዓመት ያህል ታሰሩ። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለባትን ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌዎች ምርጫ ምክንያት እንከፍላታለን?

እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ክርክር ሲነሣ፣ ከመናገራችሁ በፊት ባልና ሚስት ሆናችሁ ሦስት ነገር ተጠያየቁ፦

1. ይህ ጉዳይ ወንጌልን ይነካል ወይስ ክብሬን?
2. የሌላው ወገን ቅሬታ እውነት ቢሆን ምን ልለቅ ፈቃደኛ ነኝ?
3. ልጆቻችን ስለ እናታቸው ወይም ስለ አባታቸው ወገን ከአፌ ምን ሰሙ?

ቡናው ሲፈላ፣ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ፣ መልሱን ተነጋገሩ። ከዚያም ባል በሚስቱ ቋንቋ፣ ሚስትም በባሏ ቋንቋ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይጸልዩ፤ ቢሰበርም ግድ የለም። ልጆቹ ይስሙ። ያን ዕለት የማን እንደሆኑ ያውቃሉ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!