«አስተላላፊ» እና «ኢ-አስተላላፊ»፦ አሉታው ምን ይሰውራል?

በአማርኛ የኤሌክትሪክ ትምህርት ኃይሉን በቀላሉ የሚያሳልፍ ቁስ «አስተላላፊ»፣ ተቃራኒው «ኢ-አስተላላፊ» ይባላል። የመጀመሪያው «አስተላለፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው በግእዙ የአሉታ ምዕላድ «ኢ-» ተመሥርቷል። ይህ ጽሑፍ አሉታው የቁሱን ጠባይ ምን ያህል እንደሚገልጥ ይመረምራል።

በመዳብ ውስጥ ከየአቶሙ በግምት አንድ ኤሌክትሮን ተላቆ በነጻነት ይዘዋወራል፤ በመስታወትና በጎማ ግን ኤሌክትሮኖቹ በትስስራቸው ተይዘዋል። ሆኖም ልዩነቱ የመጠን እንጂ የመኖርና ያለመኖር አይደለም። የአንድ ሜትር ኩብ መዳብ ተቃውሞ ከገጽ ወደ ገጽ ሲለካ 1.7 × 10⁻⁸ ኦም ገደማ ነው፤ የተለመደ መስታወት ከ10¹⁰ ኦም ይበልጣል። ሲሊከን በመካከላቸው ስለሚገኝ «ከፊል አስተላላፊ» ተብሏል።

አሉታው ሌላም ነገር ይሰውራል። በ1729 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ስቲቨን ግሬይ ኤሌክትሪክን በረጅም ገመድ ለማስተላለፍ ገመዱን በሐር ክር አንጠለጠለ። ሐሩ ተበጥሶ በቀጭን የናስ ሽቦ ሲተካ፣ ኃይሉ በሽቦው በኩል አመለጠ። ስለዚህ ኃይሉን የጠበቀው የክሩ ቅጥነት ሳይሆን የሐርነቱ ጠባይ ነበር። ሐሩ እንግዲህ ሥራ ይሠራ ነበር፤ «ኢ-» ግን የሚነግረን ያልሠራውን ብቻ ነው። የዐረብኛው «ዓዚል» (የሚለይ) እና የስዋሂሊው «ኪሃሚ» (የሚከላከል) ስያሜያቸውን ከዚህ ሥራ ወስደዋል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክን እጅግ በጥቂቱ ያሳልፋል፤ ሲረጥብ ግን ሰውን ለመግደል የሚበቃ ኃይል ሊያሳልፍ ይችላል። አየርም ቢሆን በአንድ ሜትር ወደ 3 ሚሊዮን ቮልት ሲያርፍበት ይሸነፋል። እንጨትን በጥቅሉ «ኢ-አስተላላፊ» ብሎ የተማረ ልጅ፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦን በእርጥብ ዱላ ለማንሳት ሊደፍር ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱን ፍቺዎች መለየት ይገባል። ለቁሱ ጠባይ «ደካማ አስተላላፊ» ማለት ደረጃውን ያሳያል። ለተግባሩ ከ«ከለለ» የሚወጣው «ከላይ» ከመስተዋድዳዊው «ከላይ» ጋር ስለሚምታታ፣ ከ«ከለከለ» የወጣው «ከልካይ» ይመረጣል። ያን ጊዜ እርጥብ እንጨት ከልካይነቱን አጣ ማለት ይቻላል፤ «ኢ-አስተላላፊው አስተላለፈ» ማለት ግን ስሙን ከራሱ ጋር ያጋጨዋል።